የጉዞ ካርዱን ደጎምን፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ዛሬም ሙሉ ነው

ግቢ አስተዳዳሪ (የክሩ ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት የሕንፃና የንብረት አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ከስድስት ወር በፊት ሠራተኞቻችን በአውቶቡስና በባቡር እንዲመላለሱ ለማበረታታት፣ የወርሃዊ የጉዞ ካርዱን ግማሽ ዋጋ መሥሪያ ቤቱ እንዲሸፍን አስወስኜ ነበር። የግቢያችን መኪና ማቆሚያ ስለጠበበ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት አስፋልት የማልበስ ዕቅድ ተይዞ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ገንዘብ በጥቂቱ ካርድ ብንደጉም የሚመጣው መኪና ቁጥር ይቀንሳል፣ አስፋልቱም አያስፈልገንም ብዬ ተከራከርኩ። ካርዱን የወሰዱት ሠራተኞች ከጠበቅነው በላይ ሆኑ፤ ምስጋናውም ብዙ ነው። የመኪና ማቆሚያው ግን እንደ ዱሮው ነው።

ትናንት ጠዋት ከጥበቃዎቻችን ጋር በሩ ላይ ቆሜ ተመለከትኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የመጨረሻው ቦታ ተይዟል። ከዚያ በኋላ የመጡት በአጥሩ ጥግ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየቆሙ ቁልፋቸውን ለጥበቃው አስረክበው ይገባሉ፤ ከረፋዱ ላይ የጥበቃው ጠረጴዛ በቁልፍ ተሞልቶ፣ አንድ ሰው ለመውጣት ሲፈልግ አራት መኪና ማንቀሳቀስ የግድ ሆኖ ነበር። በሚቀጥለው ወር ለማኔጅመንቱ ሪፖርት አቀርባለሁ። ድጎማውን እንዲቀጥሉ ልጠይቅ ወይስ አልሠራም ብዬ ላምን? ለጥያቄዬ ፋይዳ ይኖረው እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ማቆሚያው ለሠራተኛ በነጻ መሆኑንም ልጨምር።

መልስ 1፦ ማለዳ ተጓዥ

የእኔ ቀጣሪም ተመሳሳይ ካርድ ይሰጣል፤ በጣም ጠቅሞኛል፤ ከወር ወጪዬ አንድ ሸክም ቀንሶልኛል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር በጉዞዬ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም፤ ከካርዱ በፊትም በአውቶቡስ ነበር የምሄደው። የእርስዎን ካርድ ከወሰዱት ሠራተኞች ውስጥ ቀድሞ መኪና ይዘው ይመጡ የነበሩት ስንት ናቸው?

መልስ 2፦ ታሪፍ አጥኚ

ማለዳ ተጓዥ ነገሩን ከሥሩ ይዘውታል። እኔ ለብዙ ዓመታት በትራንስፖርት ታሪፍ ላይ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ይህን ታሪክ በተለያየ መልክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መሥሪያ ቤትዎ የሚደጉመው ሁለት ነገር ነው፤ እርስዎ የቆጠሩት ግን አንዱን ብቻ ነው። አውቶቡስ ተሳፋሪው ግማሽ ካርድ ያገኛል፤ ባለመኪናው ደግሞ ሙሉ የማቆሚያ ቦታ ያገኛል። «ፋይዳ ይኖረው እንደሆነ እንጃ» ብለው በመጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር የጥያቄዎ መልስ ናት።

ባለመኪናው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የሚያነጻጽረውን ይመልከቱ። መኪናውን ከገዛው ቆይቷል፤ ኢንሹራንሱንም ዓመታዊ ክፍያውንም አስቀድሞ ከፍሏል፤ መኪናው ደጅ ቆሞ ቢውል አንዱም አይመለስለትም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት መኪና መያዝ የሚያስወጣው የነዳጁን ያህል ብቻ ይመስለዋል። በወዲያኛው በኩል ግን በግማሽ ዋጋም ቢሆን ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ፣ ወረፋና የእግር መንገድ አለ። ማቆሚያው ዋጋ ቢኖረው ኖሮ ሚዛኑ በዚያው ጠዋት ይለወጥ ነበር፤ ምክንያቱም የማቆሚያ ክፍያ በየጉዞው መጨረሻ ላይ በግልጽ የሚታይ፣ መኪናውን ባለማምጣት ብቻ የሚቀር ወጪ ነው።

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያጠኑት በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን መምህር የነበሩት ዶናልድ ሹፕ ናቸው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው፣ የአየር ብክለት ከተፈቀደው መጠን በሚያልፍባቸው አካባቢዎች የሚገኙ፣ የመኪና ማቆሚያ ተከራይተው ለሠራተኛ በነጻ የሚያድሉ ቀጣሪዎች፣ ቦታውን ለማይፈልግ ሠራተኛ በምትኩ የኪራዩን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ሹፕ ሕጉን ተግባራዊ ያደረጉ ስምንት ድርጅቶችን ሲያጠኑ፣ ብቻቸውን እየነዱ ይመጡ የነበሩት ሠራተኞች ድርሻ ከ76 በመቶ ወደ 63 በመቶ ወርዶ፣ ሠራተኞቹ ለሥራ ምልልስ በመኪና የሚነዱት ርቀት ደግሞ በ12 በመቶ ቀንሶ አገኙ። በዚህ ውስጥ ማንም ማቆሚያውን አልተከለከለም፤ ማንም አዲስ ክፍያ አልተጫነበትም። የተለወጠው፣ የማቆሚያው ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራተኛው ዓይን ፊት መቀመጡ ብቻ ነው።

መልስ 3፦ ግቢ አስተዳዳሪ

ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁት። ማለዳ ተጓዥ እንደገመቱት ነው፤ ካርድ ከወሰዱት አብዛኞቹ ለመኪናቸው የግቢ መግቢያ ፈቃድ ኖሯቸው የማያውቁ ናቸው። ፈቃድም ካርድም ያላቸው ጥቂቶች አሉ፤ ሁለቱን አነጋግሬያቸው ካርዱን የሚጠቀሙበት መኪናቸው ጋራዥ ሲገባ ብቻ እንደሆነ አልደበቁኝም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ማቆሚያውን አልተከራየነውም፤ ግቢው የራሳችን ነው። የማናወጣውን ኪራይ እንዴት አድርገን ለሠራተኛ እንመልሳለን? የሂሳብ ክፍላችንም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

መልስ 4፦ ታሪፍ አጥኚ

የራስ መሬት ነጻ መሬት አይደለም። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ራሱ ከ12 እስከ 15 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ መግቢያና መዞሪያው ሲጨመር በአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህ ለአንድ ሠራተኛ ከነወንበሩና ከነመደርደሪያው ከሚመደብለት የቢሮ ስፋት ይበልጣል። ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ በመኪና ለሚመጣው ሠራተኛ ሁለት ቢሮ ይሰጠዋል፤ አንዱን ለእሱ፣ ሰፊውን ለመኪናው።

ይሁንና ለእርስዎ ቅርብ የሆነው ቁጥር የመሬቱ ዋጋ አይደለም፤ የአስፋልቱ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ሊነጠፍ የታሰበውን ቦታ ግምታዊ ወጪ፣ ለሚያስገኘው የማቆሚያ ቁጥር ያካፍሉት፤ የጥገናውንና የመብራቱን ይጨምሩበት። መኪናውን ትቶ ለሚመጣ ሠራተኛ እስከዚያ መጠን ድረስ ቢከፍሉ መሥሪያ ቤቱ አይከስርም። ሂሳብ ክፍሉ የሚያውቀው ቋንቋ ይህ ነው።

መልስ 5፦ የሁለት ልጆች እናት

ውይይቱን በትዕግሥት አነበብኩት፤ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው በዚህ ክር ውስጥ የለም። ጠዋት አንዱን ልጅ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሌላውን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው ወደ ሥራ የምሄደው፤ ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። በአውቶቡስ ይህን ለማድረግ ሦስት ጊዜ መቀየር አለብኝ። ከሰዓት በኋላ «ልጅሽ አተኩሷት ነው፣ ቶሎ ነይ» ተብሎ ቢደወልልኝ መኪናዬ በር ላይ መሆን አለበት። እናንተ የምታወሩት አማራጭ ላለው ሰው ነው። አማራጭ የሌለንን በክፍያ ብትቀጡን መንገዱ ላይ ያለው መኪና አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የእኛ ደመወዝ ነው።

መልስ 6፦ ታሪፍ አጥኚ

እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ደግሞም ክፍያን ብቻ ይዘው የሚሮጡ ፕላነሮች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ነው በግቢ አስተዳዳሪ ሁኔታ ከክፍያ ይልቅ የገንዘብ ምርጫውን የማስቀድመው። እርስዎ ማቆሚያዎን እንደያዙ ይቀጥላሉ፤ የሚጎድልብዎ ነገር የለም። ገንዘቡን መርጦ መኪናውን የሚተወው ጎረቤትዎ ቦታ ሲለቅ ግን እርስዎ ልጆቹን አድርሰው ዘግይተው ሲደርሱ ቁልፍ አስረክበው በአጥር ጥግ አይቆሙም። የማቆሚያ አስተዳደር ሁሉንም ከመኪና የማውረድ ሥራ አይደለም፤ ከመቶ መኪና አሥር አሥራ አምስቱ ቢቀር ግቢው ይተነፍሳል።

ስለ ድንገተኛው ጥሪ ደግሞ፣ የጉዞ ካርድን በቁም ነገር የያዙ ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ አብረውት የሚሰጡት አንድ ዋስትና አለ። በዚያ ቀን መኪና ሳይዝ የመጣ ሠራተኛ ልጁ ከታመመበት ወይም ሳይታሰብ እስከ ምሽት እንዲሠራ ከተገደደ፣ ቀጣሪው ታክሲ ከፍሎ ቤቱ ያደርሰዋል። በተግባር ይህን ዋስትና የሚጠቀመው ሰው ጥቂት ነው፤ ወጪውም እንደዚያው ጥቂት ነው። ጥቅሙ ግን መኪና የሚያስይዘውን «ምናልባት» የሚባለውን ፍርሃት ማንሳቱ ነው።

መልስ 7፦ ባለሱቅ

እኔ ከእንደዚህ ያለ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ አለኝ። ግቢያቸው ሲሞላ ወይም ክፍያ ሲጀምሩ መኪናው የትም አይጠፋም፤ እኔ በር ላይ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ላይ የቆመ መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አይነሳም፤ ደንበኛዬ ሁለት ሦስቴ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ግቢው ብቻ አታውሩ፤ ስለ መንገዱም አውሩ። ደግሞ መንገዱ ላይ ክፍያ ይጀመር ካላችሁ ደንበኛዬ ጭራሽ ይሸሻል።

መልስ 8፦ የመንገድ መሐንዲስ

ባለሱቅ ሆይ፣ ከጻፉት ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ጋር ይጣላል። በርዎን ቀኑን ሙሉ የያዘው መኪና የደንበኛ አይደለም፤ የፊት ለፊቱ ሠራተኛ ነው። ደንበኛውን የሚያሸሸው ማቆሚያው ነጻ መሆኑ እንጂ ክፍያው አይደለም።

ቦታ ፍለጋ መዞር ምን ያህል እንደሚከማች ለማየት፣ ከላይ የተጠቀሱት ሹፕ ከዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ ባለ አንድ የንግድ ሰፈር ያደረጉት መለኪያ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ አሽከርካሪ ክፍት ቦታ ለማግኘት በአማካይ የሚዞረው ከሦስት ደቂቃ ትንሽ በላይ ነበር፤ ለአንድ ሰው ምንም አይደለም። በዚያ 15 ብሎክ በሆነ ሰፈር በዓመት ሲደመር ግን ወደ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። የትም ለመድረስ የማይነዳ፣ ባዶ ቦታ ብቻ የሚፈልግ መኪና ማለት ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የሞከረችው ዘዴ ለባለሱቅ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። በየመንገዱ ጠርዝ ስንት ቦታ እንደተያዘ በመሣሪያ እየለኩ፣ ከ80 በመቶ በላይ በሚያዘው መንገድ ላይ የሰዓቱን ዋጋ በ25 ሳንቲም ያሳድጉ፣ ከ60 በመቶ በታች በሚያዘው ላይ ይቀንሱ ነበር። ዒላማው ገቢ አልነበረም፤ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት ሆኖ እንዲገኝ ነበር። ውጤቱም ብዙዎች እንደፈሩት አልሆነም፤ በአንዳንድ መንገድ ዋጋው ወጣ፣ በሌላው ወረደ፤ በአማካይ ግን በጥቂቱ ቀነሰ።

መልስ 9፦ ተጠራጣሪ

ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? አውቶቡሱን ለሁሉም በነጻ አድርጉትና ጨርሱ። ሰው መኪና የሚነዳው አውቶቡስ ውድ ስለሆነበት ነው። ማቆሚያ ማስከፈል ለከተማ አስተዳደር ተጨማሪ ግብር መሰብሰቢያ ነው፤ በሚያምር ስም ቢጠሩትም ያው ነው።

መልስ 10፦ ታሪፍ አጥኚ

ተጠራጣሪ የጠየቁት ጥያቄ በርካታ ከተሞችና አገሮች የሞከሩት ስለሆነ፣ ወደ ውጤቱ እንሂድ።

የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ ለተመዘገቡ ነዋሪዎቿ የከተማውን ትራንስፖርት ነጻ አደረገች። ከዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲለኩት የሕዝብ ትራንስፖርት አጠቃቀም በ14 በመቶ አድጓል። የመጣው ግን ከየት ነው? በእግር የሚደረገው ጉዞ ወደ 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ከመኪና የወረደም አለ፤ ነገር ግን ጉልህ ሆኖ የሚታየው፣ ሁለት ፌርማታ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው አሁን አውቶቡስ መሳፈሩ ነው። ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2020 ከባቡር አንደኛ ማዕረግ በቀር በመላ አገሪቱ ትራንስፖርትን ነጻ አድርጋለች፤ ዛሬም ግን ከሕዝብ ብዛት አንጻር በአውሮፓ ብዙ መኪና ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ለሦስት ወር በ9 ዩሮ ወርሃዊ ቲኬት ስትሸጥ 52 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል፤ ባቡሮቹ በተለይ በሳምንቱ መጨረሻ ከአፍ እስከ ገደፍ ሞሉ። ብዙ ሰው ያልነበረ ጉዞ ተጓዘ፤ ይህ መጥፎ ነገር አይደለም። ግን መንገዱን ባዶ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው።

ድጎማ ለድሃው ተጓዥ ፍትሕ ነው ቢባል እስማማለሁ፤ በዚያ ምክንያት ብቻ መቀጠል ይችላል። መኪና ይቀንሳል ተብሎ ብቻውን ከተሸጠ ግን ግቢ አስተዳዳሪ ላይ የደረሰው ይደርሳል።

አሁን ቪየናን ይመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 የከተማው ዓመታዊ ካርድ ከ449 ወደ 365 ዩሮ ወረደ፤ በቀን አንድ ዩሮ መሆኑ ነው። ዜናው ይህችን አንድ ዩሮ ብቻ ሲያዞር ኖረ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ግን የመንገድ ዳር ማቆሚያ ክፍያ በሰዓት ከ1.20 ወደ 2 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የማቆሚያ ክፍያው ቀጣና ከመሀል ከተማ ወጥቶ ወደ ምዕራባዊ ወረዳዎች ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ደግሞ ከተማዋን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ሸፈነ። ቀጣሪዎች ለምድር ውስጥ ባቡሩ ማስፋፊያ በአንድ ሠራተኛ በሳምንት የሚከፍሉት ግብርም በ2012 ከ0.72 ወደ 2 ዩሮ አድጓል። ካርዱ የረከሰው፣ ማቆሚያው የተወደደውና ባቡሩ የተዘረጋው በአንድ ላይ ነው። ከ400 ሺህ በታች የነበሩት የዓመታዊ ካርድ ባለቤቶች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ሆኑ።

«ግብር ነው» ለሚለው፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእንግሊዟ ኖቲንግሃም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ 11 እና ከዚያ በላይ የሠራተኛ ማቆሚያ ቦታ ያላቸውን ቀጣሪዎች በየቦታው ዓመታዊ ክፍያ ታስከፍላለች፤ ገቢውም በሕግ ለትራንስፖርት ብቻ የሚውል ሆኖ የከተማውን የትራም መስመር ለማራዘም ውሏል። ነዋሪው ክፍያውን ባይወደውም ትራሙን ያየዋል። ገንዘቡ በጠቅላላ ካዝና ውስጥ ቢሰምጥ ኖሮ የተጠራጣሪ ጥርጣሬ ትክክል ይሆን ነበር።

መልስ 11፦ ተጠራጣሪ

ስለ ገንዘቡ መዳረሻ ያሉት ግማሽ አሳምኖኛል። ግማሹን በከተማዬ ሳየው አምናለሁ።

መልስ 12፦ ሂሳብ ሠራተኛ

እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ክፍያው በየወሩ ይሁን በየቀኑ የሚለው። እኔ በምሠራበት ቦታ ማቆሚያ ነጻ አልነበረም፤ በወር አንድ ጊዜ ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር። ማኔጅመንቱ «እያስከፈልን ነው፣ ለምን አይቀንስም?» እያለ ይገረም ነበር። የደመወዝ መዝገቡን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ምክንያቱ ይታየኝ ነበር። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ገንዘቡ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ የቀሩት ቀናት ሁሉ ነጻ ናቸው። እንዲያውም ሰው የከፈለበትን ማስቀረት ስለማይወድ፣ በአውቶቡስ መምጣት በሚችልበት ቀን እንኳ «ከፍዬበታለሁ» ብሎ መኪናውን ያወጣል። ወርሃዊ የማቆሚያ ክፍያ ሰውን ከመኪና የሚያወርድ ሳይሆን መኪና ላይ የሚያስር ነው።

በሌላ በኩል የጉዞ ካርዱ ወርሃዊ መሆኑ በትክክል ይሠራል፤ ካርዱን ከያዝክ እያንዳንዱ ተጨማሪ የአውቶቡስ ጉዞ ነጻ ነው። ስለዚህ ለካርዱ ወሩ፣ ለማቆሚያው ቀኑ ይሻላል። እኛ ወርሃዊውን ተቆራጭ ሰርዘን በበሩ ላይ በመግቢያ ካርድ የየዕለቱን ስንቆጥር፣ ሙሉ በሙሉ መኪና የተወ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን የሚተው በዛ። ከአምስት ቀን አንዱን የሚተው አምስት ሰው አንድ መኪና ማለት ነው፤ ከአንዳቸውም ሕይወት ውስጥ ትልቅ ለውጥ ሳይጠየቅ።

ለግቢ አስተዳዳሪም ይኸው ይሠራል ብዬ አስባለሁ። የሚሰጡትን ገንዘብ «መግቢያ ፈቃዱን ለዘለቄታው ለሚመልስ» አያድርጉት፤ ማንም ደፍሮ አይመልስም፤ ዝናብ አለ፣ የሁለት ልጆች እናት እንዳሉትም ሕመም አለ። መኪናው በሩን ላላለፈበት ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን ይክፈሉ።

መልስ 13፦ ታሪፍ አጥኚ

ይህ ከእኔ ረጅም መልሶች ሁሉ የሚሻል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ለተማሪውና ለሠራተኛው የጉዞ ካርድ ሲጀምር በዚያው ጊዜ የግቢውን ማቆሚያ ዋጋ አሳድጎ፣ ከገቢው ካርዱን ደጉሞ ነበር። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የሚያልፍ እንጂ ከውጭ የሚለመን ገንዘብ አልነበረም።

መልስ 14፦ የማታ ፈረቃ

እኔ የጽዳት ሥራ ነው የምሠራው፤ ማታ ገብቼ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የምወጣው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። ካርዱን በግማሽ አይደለም በነጻ ብትሰጡኝም ግድግዳ ላይ ከማንጠልጠል በቀር ምን አደርገዋለሁ? ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ለነዳጅ እያዋጣን በእሷ አሮጌ መኪና እንመላለሳለን። እናንተ በቀኑ ሠራተኛ ሂሳብ ማቆሚያ ላይ ዋጋ ስታወጡ፣ ግቢው ባዶ በሆነበት ሰዓት ለምንመጣውም ያው ዋጋ እንዳይሆን። መኪና የሚጋሩትንም እንደ አንድ ሰው አትቁጠሩን፤ በአንድ ቦታ ላይ ሁለታችንም ነን።

ሌላም ልጠይቅ። በየመሥሪያ ቤቱ ከበሩ ሥር፣ ጥላ ባለበት በኩል፣ ስም ተጽፎባቸው ቀኑን ሙሉ የሚጠበቁ የኃላፊዎች ቦታዎች አሉ። እነዚያም በዚህ ሂሳብ ውስጥ አሉ?

መልስ 15፦ ግቢ አስተዳዳሪ

ሪፖርቱን ትናንት አቀረብኩ። ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ፤ ከዚህ ክር የወሰድኩትን በአግባቡ ለማስቀመጥ ጊዜ ወስዶብኛል።

ድጎማው እንዲቀጥል ተወስኗል፤ ሆኖም ምክንያቱ ተለውጧል። በሪፖርቱ ላይ «መኪና ለመቀነስ» የሚለውን አውጥቼ «የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም» ብዬ አስገብቼዋለሁ፤ እስካሁን ያደረገው እሱን ነውና። መኪና ለመቀነስ የቀረበው ሌላ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ መኪናው በሩን ላላለፈበት ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ከደመወዙ ጋር ያገኛል። መጠኑን ያወጣነው ታሪፍ አጥኚ እንዳሉት የአስፋልቱን ወጪ በቦታው ቁጥር አካፍለን፣ ወደ ዕለታዊ መልሰን ነው። ሂሳብ ክፍሉ አንድ ጊዜ ከደመረ በኋላ ዝም አለ። የታክሲ ዋስትናው ገብቷል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው በአንድ መኪና ለሚመጡ ከበሩ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ተለይቶላቸዋል። ለሦስት ወር ሙከራ ነው፤ አስፋልቱ እስከዚያ አይነጠፍም።

ያልተሳካልኝ አንድ አንቀጽ አለ፤ የማታ ፈረቃ የጠየቁት። ከበሩ ሥር አምስት ቦታ ለኃላፊዎች ስም ተጽፎባቸው ተይዘዋል። እነሱም እንደ ሌሎቹ ቦታዎች የሁሉም የጋራ እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ስብሰባው በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ሁለት ሰዓት ሲከራከር፣ ይህችን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለፋት።

መልስ 16፦ የማታ ፈረቃ

ኃላፊዎቹ በስንት ሰዓት ይወጣሉ?

መልስ 17፦ ግቢ አስተዳዳሪ

አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት። ለምን?

መልስ 18፦ የማታ ፈረቃ

የእኛ ዓይነት ፈረቃ የሚገባው በአሥራ ሁለት ነው። የእናንተ የጽዳት ሠራተኞች ሌሊት ሲወጡ መኪናቸውን የሚያገኙት ከየት ነው?

መልስ 19፦ ግቢ አስተዳዳሪ

ከአጥሩ ማዶ፣ መብራት ከሌለው በኩል። ይህን እንኳ ማኔጅመንቱን ማስፈቀድ አያስፈልገኝም። ዛሬ ማታ ለጥበቃው እነግረዋለሁ።